ለጠበቃው የጻፍኩት ጥያቄ

ጁባ ውስጥ አማርኛ የሚያውቀውን ጠበቃ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህ ይታወቅልኝ። ጋምቤላ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ የእኛ አገር ሰዎች፣ ባለሆቴሉም ባለሱቁም፣ ውርሳቸውን የሚያጽፉት ጀበል ሰፈር ካለችው ቢሮው ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ጉምቦ ላለው የሕፃናት ክሊኒካችን ድጋፍ መፈለግ ነው። ሰዎች ኑዛዜ ሲያጽፉ ለበጎ አድራጎትም ጥቂት ይተዉ እንደሆነ እንዲጠይቅልን ወራት ሙሉ ደጅ ጠናሁት። "እኔ ደላላ አይደለሁም" እያለ ሲመልሰኝ ከረመና አንድ ቀን "እሺ፣ የምጠይቀውን ጻፊልኝ" አለኝ። አሳምሬ ጻፍኩለት፦ "ከመናዘዝዎ በፊት ምን በጎ ሥራ አስበዋል?"

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሎሎጎ የሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ ነበሩ። ጥያቄውን ሰምተው ብድግ አሉ። "እኔ የምናዘዘው ለንስሐ አባቴ ነው። ኃጢአቴን ለጠበቃ አልዘረዝርም" ብለው ጥለውት ሄዱ። እሱም ደውሎ "ይቅርብኝ" አለኝ።

አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጣችውን አዲሷን ባልደረባዬን ይዤ እንድሄድ አዘዘኝ። ይህን ያህል ሳልበልጣት "እትዬ" ትለኛለች፤ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። ጠበቃው የሴትዮዋን ነገር ሲነግራት ከት ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ከእኔ ጋር ስቆ አያውቅም።

"መናዘዝ የሚለውን ይተዉት" አለችው። "ደንበኞችዎ ቤተሰባቸውን አጽፈው ሲጨርሱ፣ ከእነሱ ሌላ የሚያስቡለት አለ ወይ ይበሉና ዝም ይበሉ። የእኛን ስም አያንሡ።"

"ማፊ ሙሽኪላ" አላት። እኔን ወራት ያመላለሰኝ ሰውዬ ሻዩ እንኳ ሳይበርድ ችግር የለም አለ።

"እስቲ በእህቴ ልሞክረው" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የቤተሰቤን ስም ጠየቀኝ፤ እናቴንና ወንድሜን ነገርኩት።

"ከእነሱ ሌላ የምታስቢለት አለ?"

ዝም አለ፣ ልክ እንዳስተማረችው። "የለም" ልለው ቆርጬ ነበር፤ እንዲከሽፍባት ነበር የፈለግሁት። ዝምታው ግን ረዘመ። ጉምቦ፣ ክሊኒኩ ደጃፍ፣ ልጆቻቸውን አዝለው ተራ የሚጠብቁት እናቶች ድቅን አሉብኝ።

"አለ" አልኩት። ጉምቦ ያሉትን ሕፃናትም ነገርኩት።

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠና "ይሠራል" አላት።