ወደ ፊት ብቻ የምትሄደው ፔጆ

ሐረር ውስጥ ከእኔ መኪና የፈጠነ መኪና ተሠርቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራማ ቢሆን ድሬዳዋንም እጨምርበት ነበር። ዛሬ ያቺው መኪና ግቢያችን ጥግ ላይ ጎማ አልባ ተቀምጣ ዶሮ ያድርባታል። ትናንት ጠዋት እንቁላል ፍለጋ በመስኮቷ እጄን ስሰድ፣ ጭዱ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ድቡልቡል ነገር መዳፌ ላይ ገጠመ። እንቁላል መስሎኝ ደስ አለኝ። ሳወጣው የእናቴ አልጋ የነሐስ ጉልላት ነው። መዳፌን ባሸተው ያ የነሐስ ሽታ፣ ላብና ቤንዚን የተቀላቀለበት የሚመስለው፣ እንዳለ አለ። እዚያው ዶሮዎቹ መሃል ደርቄ ቀረሁ።

ጉልላቱ የማርሼ እጀታ ነበር።

ስሙኝማ። መኪናዋን ያገኘኋት ከአጎቴ ነው። በታክሲነት ሲያደክማት ኖሮ በመጨረሻ፣ ከአንተና ከእሷ ማን ቀድሞ እንደሚሞት እናያለን ብሎ ቁልፏን ወረወረልኝ። ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ የጎረምሳ ሙቀት እንጂ ሥራ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረኝም። ጋራዥም አልነበረኝም። የነበረኝ የግቢያችን የሎሚ ዛፍና ከከተማው ዳር የሶፊ መንደር ልጅ የሆነ አንድ ብየዳ ሠራተኛ ጓደኛ ነው። ሁሉም ነገር የተሠራው ከዛፉ ሥር ነው። የካርቡሬተሩን ዕቃ በእናቴ ሳፋ በቤንዚን ስላጠብኩት፣ እዚያ ሳፋ ውስጥ የታጠበ ልብስ ለብሶ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብ መቆም ያስፈራን ነበር። ዝቅ ብላ መንገድ ላይ እንድትለጠፍ ሞላዎቿን በመጋዝ ቆረጥኩ። የኋላ መብራቶቿን ነቅዬ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተገኙ ክብ መብራቶች ገጠምኩላት። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ደግሞ ፈትቼ ጣልኩ። ከዚያ በኋላ ሞተሯን ሳስነሳ አቦከር ሰፈር የተኛ ሕፃን ይነቃል፤ ሶፊ ያሉ ላሞች ወተታቸውን ከለከሉ ተብዬ ተከስሻለሁ። ከሳሼም ያው ጓደኛዬ ነበር፤ ላሞቹ የእናቱ ናቸው።

ትልቁ ሥራ ማርሹ ነው። የድሮ ፔጆ ማርሽ ከመሪው ሥር የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ነው፤ እኔ የሽማግሌ ማርሽ እለው ነበር። አንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት የእሽቅድምድም መኪና ማርሽ ግን አጭርና ወፍራም፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ከወለሉ የሚበቅል ነበር። እንደዚያ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ወለሉን በሳን፣ ዘንጎቹን ቆራረጥን፣ በየድን። ጓደኛዬ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ወላሂ፣ ወደ ፊት የሚሄዱትን አራቱን አስገብቼልሃለሁ። አምስተኛውን አላህ ያውቃል” አለኝ።

አምስተኛው የኋላ ማርሽ ነበር።

ሌላ ቀን እናስተካክለዋለን ተባባልን፤ ያ ሌላ ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም። እኔን ያሳሰበኝ እጀታው ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት የአልጋዋን አንድ ጉልላት ፈትቼ ማርሹ ላይ አሰርኩት፤ ልክክ አለ። ስትመለስ ራሰ በራ የሆነውን የአልጋዋን ጥግ አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች። “አልጋዬን እየነዳህ የት ልትደርስ ነው?” አለችኝ።

የኋላ ማርሽ ሳይኖር እንዴት ትነዳ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሐረር ዳገት ናት። አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ አቆማለሁ፤ መውጣት ስፈልግ ፍሬኑን ለቀቅ ሳደርግላት ራሷ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ቁልቁል ሲሆን ግን አለቀልኝ። ስለዚህ ጁገል ውስጥ ጠባብ መንገድ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አልነዳም ነበር። ሰፈሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀው ድምፄንና አቧራዬን ነው። የሚያውቁት ጓደኛዬና አንዲት ልጅ ብቻ ነበሩ።

ልጅቷ ሰማያዊ ፔጆ የነበራቸው የጎረቤታችን ልጅ ናት። አባቷ የድሮ ታክሲ ነጂ ነበሩ። መሪ መጀመሪያ የጨበጥኩት በእሳቸው መኪና ነው፤ “ፍሪሲዮኑን እንቁላል እንደምትረግጥ እርገጠው” እያሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መኪናቸውን በየጠዋቱ የሚወለውሉት ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት ነው። ከዓመታት በፊት በደረሰባቸው አደጋ አንገታቸው አይዞርም፤ ሰው ከጎን ሲጠራቸው እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ ሰውነታቸውን አዙረው ነው የሚያዩት።

አንድ ቀን ልጅቷ በድብቅ መኪናዬ ውስጥ ገባች። ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ወንበሩ ላይ ዝቅ አለች፤ እኔም ከከተማ ወጣ አድርጌ በረርኩላት። ስንመለስ ሰው እንዳያየን ብዬ አንድ ቀጭን መንገድ ውስጥ ታጠፍኩ፤ መጨረሻው ግድግዳ ሆነ። ሞተሩን አጠፋሁ። ለምን አትመለስም አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ቀጥሎ ወርዳ ኮፈኑ ላይ በሁለት እጇ ተደግፋ መግፋት ጀመረች፤ እኔ በመስኮቱ በኩል መሪውን ይዤ አብሬያት እገፋለሁ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። “አቦ፣ አህያ እንኳን ወደ ኋላ ይላል!” ነጠላዋ ወድቆ፣ የከሰዓት ፀሐይ ግንባሯ ላይ አብርቶ፣ ጣቶቿ አቧራ ነክተው። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አላየኋትም። ላትናገር ማለች፤ ብትናገርማ ከማን ጋር እንደ ነበረች መናገሯ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላክሁ፤ አጎቴንና አንድ ጎረቤት። አባቷ በወጉ ተቀብለው፣ መክረን እንነግራችኋለን፣ በሚቀጥለው እሑድ ኑ አሏቸው። አጎቴ ፊታቸው ጥሩ ነው አለኝ። እኔ እዚያው ሙሽራ ሆንኩ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ ሕጌን ረሳሁና ወደ ኤረር በር ቁልቁል ወረድኩ። ኖራ የተቀቡት ግድግዳዎች ፀሐይዋን መልሰው ዓይን ይወጋሉ፤ በጥጋጥጉ ሴቶች ማንጎ ዘርግተዋል፤ ድምፄን ሲሰሙ ቅርጫታቸውን ይሰበስባሉ። እኔ ክርኔን በመስኮት አውጥቼ አንድ እጄን ጉልላቱ ላይ ጭኛለሁ። መንገዱ ከሚጠብበት ቦታ ላይ ከታች ሰማያዊዋ ፔጆ ብቅ አለች። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመን ቆምን።

በእኛ ከተማ የዚህ ነገር ሕግ አልተጻፈም፤ ግን ማንም ያውቀዋል። በጠባብ መንገድ ሁለት መኪና ከተገናኘ ታናሹ ለታላቁ ወደ ኋላ ይላል። አባቷ ሞተራቸውን አጥፍተው ጠበቁኝ። ከዚያ ወረዱ፤ መስኮቴ ድረስ መጡ፤ ያን ቁም ሳጥን ሰውነታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ “ልጄ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በልልኝ። አንገቴን ታውቀዋለህ” አሉኝ።

ጉልላቱን ይዤ ወደዚያም ወደዚህም አልኩ። ብረት ብረት ላይ ተፋጨ። ማንጎ ሻጮቹ ማየት ጀምረዋል፣ ከበሩ በኩልም ጎረምሶች እየመጡ ነው፤ ገሚሶቹ መኪናዬን ሲያዩ የሚያፏጩ አድናቂዎቼ ናቸው። ማለት የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው፤ ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ የለኝም። ይህን ብል ሰው ሁሉ ተረባርቦ ሽቅብ ይገፋኝ ነበር። እየሳቀም ቢሆን ይገፋኝ ነበር። የታየኝ ሳቁ ነው። የሐረር ሰው አንዴ ከሳቀብህ ለልጅ ልጅ ያወርስሃል።

“ጋሼ፣ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

አልተቆጡም። ትንሽ አዩኝና ተመልሰው ገቡ። አንዲት ማንጎ ሻጭ፣ አባትህን ነው እንዲህ የምታደርገው አለችኝ፤ እኔ ሬዲዮውን የማስተካክል መሰልኩ። አባቷ ወንበራቸው ላይ ሙሉ ሰውነታቸውን ጠምዝዘው፣ በግማሽ እያዩ በግማሽ እየገመቱ፣ ቁልቁል ወደ ኋላ መውረድ ጀመሩ። ሴቶቹ ወዲህ ጋሼ፣ ወዲያ ጋሼ እያሉ ይመሯቸዋል። አንድ ማንጎ ከጎማ ሥር ፈረጠና ሽታው መንገዱን ሞላው። መታጠፊያው ላይ ሊደርሱ ሲሉ የመኪናቸው ጎን ከግንቡ ጋር ተፋተገ፤ ቀጥሎ የቀኝ የኋላ መብራታቸው ሲሰበር ሰማሁ። ማርሚታ በሌላት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ያን ትንሽ ድምፅ ሰማሁት። ዛሬም እሰማዋለሁ።

መንገዱ ሲከፈት እያጓራሁ አለፍኳቸው። ዞሬ አላየሁም።

እሑድ አጎቴ ተመልሶ ሲመጣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ነው የተቀመጠው። አባቷ አልጮሁም አለ። ያሉትን ግን ቃል በቃል ነገረኝ፤ “ድህነቱን አልፈራሁም። መኪናው ተበላሽቶ ቢሆን እኔው ራሴ በገፋሁለት። ጤነኛ መኪና ላይ ተቀምጦ፣ አንገቴን እያየ ነው አልንቀሳቀስም ያለኝ። ምክንያት ካለው ይምጣና ይንገረኝ፤ በሬ ክፍት ነው።”

ምክንያት ነበረኝ። ልጅቷም ታውቀዋለች። ዳቦ ቤት ደጃፍ ጠብቃ አገኘችኝ፤ ትኩስ ዳቦ በነጠላዋ ታቅፋለች።

“ሂድና ንገራቸው” አለች።

“አንቺ አትነግሪያቸውም?”

“በምን አወቅሽ ቢሉኝስ? ገፍቼዋለሁ ልበላቸው?”

መሬት መሬት እያየሁ፣ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል አልኳት።

“እኔ ስቄብህ አልነበር?” አለች። “ሞትክ?”

እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩላት። ከልቤ ነበር የማልኩት። ነገ ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል፣ ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ የመኪናዬን ድምፅ ሰምተው ብቅ የሚሉ ጎረምሶችን ሳይ እየተመለስኩ ከረምኩ። እሷ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ መጠበቅ ተወች። የድሬዳዋ ሰው አገባች። የሙሽራው መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ አየሁት፤ ከደጃፋቸው ሊወጣ ወደ ኋላ እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ውሃ።

አባቷ ያን መብራት ብዙ ፈለጉት። የተሰበረው ቦታ ላይ ከቀይ ጆግ የቆረጡትን ፕላስቲክ በሽቦ አስረው ይነዱ ነበር፤ ማታ ማታ ከኋላቸው ስሄድ አንዱ መብራት ቀይ፣ አንዱ የደበዘዘ ጽጌረዳ ሆኖ ከፊቴ ይታየኛል። አንድ ቀን ብየዳ ሠራተኛው ጓደኛዬ ዘንድ ሄደው ጠየቁት። እሱ ወደ እኔ መጣና፣ ከፔጆህ የነቀልነው መብራት አንተ ጋ አልነበረም ወይ አለኝ።

“ጥዬዋለሁ” አልኩት።

አባቷ አምና አረፉ። ልጅቷ ከድሬዳዋ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ የእኔማ ጭራሽ የለም። ለቅሶው ላይ ሰው ቀለል ሲል ሰማያዊዋ መኪና አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ያችን ፕላስቲክ በጣቷ እየነካች፣ “አባባ ይቺን ያልጠየቁበት ቦታ የለም እኮ፤ ድሬዳዋ ድረስ ነው ያስፈለጉኝ” አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ትንሽ ፈገግ አለች። “ያቺ መኪናህስ? አሁንም ትገፋለች?”

ዶሮ ያድርባታል ብዬ አሳቅኳት። ያን ሳቅ ስሰማው ሁሉንም ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

“የድሮ ፔጆ ዕቃ መቼ ይገኛል ብለሽ ነው” አልኳት።

ትናንት ጉልላቱን ይዤ ከቆምኩ በኋላ ዶሮዎቹን አባርሬ የኋላውን ወንበር አነሳሁ። መብራቶቹ እዚያው ናቸው፤ ያኔ በጠቀለልኩበት የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ውስጥ፣ ግራውም ቀኙም፣ አንድ ስንጥቅ የለባቸውም። የት እንዳሉ አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም። ለአባቷ አልሰጠኋቸውም፤ ብሰጣቸው ያን ቀን ለምን ወደ ኋላ እንዳላልኩም መናገር ነበረብኝ።