የአባቴ ግራ እጅና የጀልባዋ ቪቴ

ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ዛሬም ደሴ ፒያሳ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ባለሱቆቹ ጄነሬተር ሲያስነሡ፣ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ሌላው ሰው ጭሱን እየረገመ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆሜ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ እስኪል እጠብቃለሁ። ዝቅ ካላለ ወላሂ ደስ አይለኝም።

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ባሉት ዓመታት ኮምቦልቻ ነበር የምንኖረው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሐረጎ ዳገት ላይ ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራትቶ ግራ እጁን ከሰበረው በኋላ ግን መኪናውን ትቶ፣ ከአንድ ወዳጁ ሞተር የተገጠመላት ትንሽ ጀልባ ተረክቦ፣ እኛንም ይዞ ሐይቅ ከተማ ገባና ከሐይቁ ማዶ፣ ከቢስቲማ በኩል የሚመጡትን ገበያተኞች ያሻግር ጀመር። ስለ እጁ ለጠየቀው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል» ነበር መልሱ። በግራ አይበላ፣ በግራ ሰው አይጨብጥ፣ ማን ይወቅበት። ከጀልባዋ ሲወርድ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል፣ በቃ።

የጀልባዋ ነዳጅ የሚሰጠው በግራ እጅ ተይዞ እንደ ሞተር ሳይክል በሚጠመዘዝ እጀታ ነበር፤ መሪውም እሱው ነው። እጀታው ላይ በካቻቪቴ የምትዞር አንዲት ቪቴ አለች፤ ስትላላ እጀታው በቀላሉ ይመለሳል፣ ስትጠብቅ በተተወበት ይቆማል። በአሮጌ መኪና ሐረጎን ሲወጡ የኖሩ ሹፌሮች እግራቸው ሲዝል የእጅ ነዳጁን ስበው፣ መኪናው በዚያው ኃይል እንዲሄድ ይተዉት ነበርና፣ አባቴም ያንኑ ልማዱን ውሃ ላይ ይዞት መጣ። ዳገት ላይ ነዳጁ ባይመለስ ምንም አይደለም፤ ፍሬን አለ። ጀልባ ምን ፍሬን አላት?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ቪቴዋን ትንሽ አጠበቃት፤ ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲጀምር ጨመረ። ኅዳር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ ሲደርቁ፣ ካቻቪቴውን በቀኙ ይዞ ጥርሱን ነክሶ ሲያጠብቃት አይቼ «አባባ፣ በዛ እኮ» አልኩት።

«አብሽሪ ልጄ፣ እንዳይመለስብኝ ነው» አለኝ።

አባት ካለ አለ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ዳር በተጠጋን ቁጥር የእጁን ጅማት እመለከት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ማዶ ለቅሶ መድረስ ነበረብንና፣ ውሃ ስታይ የሚያዞራት እናቴ ሀዋ የግድ ጀልባ ላይ ወጣች። ስንመለስ ነፋሱ ከኋላ ይገፋን ነበር፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ስለያዘች፣ ትንሹን ወንድሜን አባቴ በቀኝ ክንዱ አቅፎታል። ዳር ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆቻቸው ውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ሁልጊዜ ሞተሩ ዝቅ የሚልባት ቦታ ላይ ደረስን፤ ዝቅ አላለም። አለፍናት፤ ያው ነው። የአባቴን እጅ ሳይ ጣቶቹ እጀታው ላይ እንደተጠመጠሙ ደርቀዋል፤ ማዞርም ወደ ጎን መግፋትም አልቻሉም፤ የሞተሩ ማጥፊያ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። አብረውን የተሳፈሩት ማዶኞች ዱዓ ጀመሩ። አባቴ ግን አፉን ገጥሞ፣ ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ ብቻውን ይታገላል፤ የልጆቹ ፊት አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ ታገለ።

«ሀዋ» አላት በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «እጄ አልታዘዝ አለኝ። አዙሪልኝ።»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ምንም ሳትጠይቅ በሰው እግር ላይ ተራምዳ ሄዳ፣ ብርድ ልብስ እንደምትጨምቅ እጀታውን በሁለት እጇ ጠምዝዛ መለሰችው። ጀልባዋ ከልጆቹ ጎን ቄጠማው ውስጥ ተሰክታ ቆመች፤ የአንዷ አጣቢ ሳፋ ተገለበጠ፣ የአላህ ነገር፣ ከዚያ በላይ አልሆነም።

ማታ እናቴ አልተቆጣችም፤ መቆጣት የምትችልበት ሴት እኮ ነበረች። ያንን እጅ ከኪሱ አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ በሞቀ ዘይት እያሸች፣ «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው። በማግስቱ ቪቴዋ ላላች፤ ጥር ሲገባም እናቴ፣ ፍርሃቷ ሳይለቃት፣ በየገበያው ቀን አጠገቡ ተቀምጣ እጀታውን ከእጁ በታች ትይዝለት ጀመር። ገበያተኛው «ሹፌሯ መጣች» እያለ ይቀልድ ነበር፤ አባቴም አብሮ ይስቃል።

አሁን አባቴ አርጅቶ እኔ ጋ ነው ያለው። ውሃ አቅርቢልኝ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፊልኝ፣ ደግፊኝ ልነሳ ይለኛል፣ ቀኑን ሙሉ፣ ቅር ሳይለው። አንዳንዴ ሲሰለቸኝ ላጉረመርም እልና እተወዋለሁ። ያኔ አንዲት «አዙሪልኝ» ከአፉ እስክትወጣ ድረስ ውሃው ውስጥ የነበሩት የሰው ልጆች ላይ በጀልባ ልንወጣ ነበር።