እድፍ አልቀባም ያልኩበት ፉርጎ

ድሬዳዋ ሃያ ሁለት ዓመት የመንገደኛ ፉርጎ አጥቤያለሁ። የናፍጣ ጥላሸትና የበረሃ አቧራ አብሮ ከተጋገረ የሚለቀው በሳሙና አይደለም፣ በክንድ ነው። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ እዚህ ሰው አገር፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር የገጠመኝን ነገር ሰው እንዲረዳልኝ ነው።

ፓርክዴል አንድ አዳራሽ ውስጥ ክሊነር ነበርኩ። ምድር ቤቱን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጠረጴዛ ላይ ከነጣቢያው ከነትንንሽ ሰዎቹ የሚሄድ ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሽማግሌዎች ይከራዩታል። አንድ ቀን ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ሰባራ ፉርጎ ቆሻሻ ቅርጫታቸው ውስጥ አገኘሁ። ልውሰደው ወይ ስላቸው ውሰደው አሉኝ። የድሮ እንግሊዞች ፉርጎ ነው። መጽሐፋቸውን አገላብጬ ሥዕሉን አየሁት፤ ከመስኮቱ በታች ቡናማ፣ ከዚያ በላይ ክሬም፣ ጣሪያው ነጭ። ከጋራዥ ሲወጣ እንዲያ ነበር። የበረዶውን ወራት ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠገንኩት። የጎደሉትን የበር እጀታዎች ከስፒል ቆርጬ አበጀሁለት።

የሽማግሌዎቹ ማኅበር ኃላፊ ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አየውና፣ "ጥሩ ነው፣ ለሕዝብ በምናሳይበት ኤግዚቢሽን ላይ ከባቡሩ ጋር ይሄዳል" አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጠለና፣ "አሁን የቀረው ማቆሸሽ ነው።"

"ምን?"

"ጥላሸት መቀባት። ባቡሩ በከሰል የሚሄድ ነው፤ ነጭ ጣሪያ ሳምንት አይቆይም።" ትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። እዚህ አገር እድፍም በጠርሙስ ይሸጣል።

"አጣቢውስ የት ሄዶ?" አልኩት።

"የምን አጣቢ?"

"የፉርጎ ነዋ። ጠረጴዛችሁ ላይ ጣቢያ ኃላፊ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ በግ እንኳ አለ። አጣቢ ግን የለም።"

አንዱ ሽማግሌ፣ "አንተን እናቁምህ?" ብሎ ሳቀ።

"አቁሙኝ፣ ባልዲ ስጡኝ እንጂ።"

ኃላፊው አልሳቀም። ሌሎቹ ሁሉ ቆሽሸው የእኔ ብቻ ቢያበራ መጫወቻ ይመስላል አለኝ። ካልቀባሁት አይሄድም፤ በቃ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። "አባዬ፣ ሾው ላይ እንዲሄድልዎት አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ የለፉት? ትንሽ ቀለም ምናለበት?" አለችኝ።

"ላንቺ ቀለም ነው። ለእኔ አንድ ሰው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው" አልኳት።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ንጹሑን ፉርጎ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ጣሪያውን አየና መለሰልኝ። በቦታው መስኮቱ ድረስ ያደፈ ሌላ ፉርጎ ባቡሩ ላይ ቀጠለ። ባቡሩ ሲዞር ቆሜ አየሁ። ያምራል፣ አልዋሽም። የእኔም አብሮ ቢዞር ደስ ባለኝ፤ እሱንም አልዋሽም።

ማክሰኞ ምድር ቤቱን ስጠርግ ኃላፊው ከወንበሩ ቀና ብሎ፣ "አሁንስ ቀባኸው?" አለኝ።

"አልቀባሁትም" አልኩት። "እግርህን አንሳ፣ ልጥረግ።"