የወንድሜ ደም የተቀዳበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት፣ የነሐሴ ዝናብ መቱ ከተማ ያለውን የቤቴን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሬዲዮ ከፍቼ ሻይ አፈላ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም ስለ መጠጥ ሱስ ያስረዳል። በሽታ ነው አለ፤ ከፊሉ በዘር የሚመጣ፣ አእምሮንም ቀስ በቀስ የሚለውጥ። ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። የሰማሁትን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ብል ቤቱ ባዶ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ከላቦራቶሪ ትምህርት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ከአዲስ አበባ አንዲት ዶክተር መጣችና ደም እንድቀዳላት፣ ኦሮምኛም እንዳስተረጉምላት ቀጠረችኝ። ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ ልጆች አንዱን መጠጥ ሲይዘው ሌላውን ለምን ይተወዋል? የምታጠናው ይህንን ነበር። ሁሩሙ ከተማ በገበያ ቀን፣ ሶር ወንዝ አካባቢ ደግሞ በእግር እየዞርን ወንድማማቾችን ፈለግን። ማር በሞላበት አገር ጠጅ የማይጣልበት ቤት ጥቂት ነው፤ ፈቃደኛ ማግኘት ግን ከባድ ነበር። ማን በወንድሙ ስካር ይመሰክራል?

አንድ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጠን ትኩስ ጎደሬ በሚጥሚጣ ስንበላ፣ ዶክተሯ "አንቺስ፣ ወንድም የለሽም?" አለችኝ።

"አንድ አለኝ። ኖፓ ነው የሚኖረው" አልኩ። ቀሪውን ሳልነግራት ገባት።

ታላቅ ወንድሜ ታምሩ አስተማሪ ነበር። አባታችንን የቀበረው አረቄ እሱንም ከሥራው አስወጣው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አልተያየንም። ቡና መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ ጭቃው ገና ያልደረቀውን መንገድ ይዘን ኖፓ ገባን። ክፍሉን ያከራዩት ባለሱቅ፣ ጋሼ ሱልጣን፣ "ባርሲሳ ጂራ" አሉን፤ አስተማሪው አለ ማለታቸው ነው። ሥራውን ካጣ በኋላም አገሩ የሚጠራው በዚያው ነበር።

በሩን ከፍቶ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ "እታለም" አለ፣ እንደ ድሮው። የምቀመጥበትን በርጩማ በእጅጌው ጠረገልኝ።

ዶክተሯ ጥናቱን አስረዳችው። እምቢ ቢል ማንም እንደማይቀየመው ነገረችው።

"እኔ ለምን እፈለጋለሁ?" አለ።

"የእህትዎ ደም ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። ያለ እርስዎ አይሆንም።"

"ታዲያ የደም ነገር ነው? ባለጌ ሆኜ አይደለም?"

"ዘር ወደዚያ ይገፋል እንጂ አይፈርድም። ባለጌነት ግን አይደለም" አለችው። "እስከ ነገ ያስቡበት።"

በማግስቱ ፊቱን ታጥቦ፣ የማስተማሪያ ኮቱን ለብሶ ጠበቀን። ማንም ሳያዘው ከማታ ጀምሮ መጠጥ አልቀመሰም። እጁ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አእምሮው መጠጡን ለምዶታል፤ ድንገት ሲቀርበት ይታወካል" አለችኝ ዶክተሯ ቀስ ብላ። "ለብቻው ማቆም አደጋ አለው። ሐኪም ቤት ተኝቶ መታከም አለበት።"

ክንዱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ ተጠጋግተን አናውቅም። ደሙ ብልቃጧን ሲሞላት አጎንብሶ አያት።

"የአባባን ይመስላል?" አለኝ።

"የሰው ሁሉ ደም ነው የሚመስለው፣ ወንድም ጋሼ።"

የእኔን ዶክተሯ ስትቀዳ እሱ ጥጡን ይዞ ጠበቀኝ።

ከዚያ መቱ ወስደን አሳከምነው። በጋውን እኔ ጋ ከረመ። ወፈር አለ፤ ማታ ማታም የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ያስጠና ጀመር። ክረምቱ ሲገባ "ልብሴን ላምጣ" ብሎ ኖፓ ሄደና በዚያው ቀረ፤ ወደ አረቄውም ተመለሰ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር "ደማችን ምን አለ?" ይለኛል። ጥናቱ ከብዙ ሰው ደም ተደምሮ የሚወጣ እንጂ ለእያንዳንዱ መልስ የሚሰጥ እንዳልሆነ ዶክተሯ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ እሱም ያውቃል። እኔም "ገና ነው" እለዋለሁ። መሞቱን ያረዱኝ ጋሼ ሱልጣን ናቸው።

እኔን መጠጥ ለምን እንዳለፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በየሠርጉ "አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አትቀምሺም" ይሉኛል። ታግዬ ያሸነፍኩት ነገር የለም፤ ቀምሼው አልጣመኝም፣ ይኸው ነው። እሱ ግን በየጠዋቱ ሲነሳ ይታገል ነበር። እሱን ጎበዝ ያለው ሰው አልሰማሁም።