ካፖርቱን ያስቀረው መዝገብ

የዘመቻው ትእዛዝ ሀዋሳ ላይ የደረሰን በኅዳር መጨረሻ ነበር። የደርግ ዘመን ነው፤ እናንተ ልጆቼ ገና አልተወለዳችሁም። ከመዝመቴ በፊት ሥራዬ በየቀኑ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር አንብቦ መመዝገብ ነበር። ስለዚህም መድፈኞች ለማነጣጠር የሚያስፈልጋቸውን የአየር ሙቀት እንድነግራቸው መደቡኝ። ያኔ እኔ እናታችሁ አሥር አለቃ ነበርኩ።

ወደ ሰሜን ተጉዘን በአንድ ኮረብታ ሥር ሰፈርን። ኮረብታው ላይ ሰው የሌለው የእርሻ ጣቢያ ነበር፤ ቃኚዎቻችን ከዚያ የአምስት ዓመት የሙቀት መዝገብ ይዘውልኝ መጡ። ኮረብታውን ወጥተን እንድንይዝ ታዘናል፤ ዕቃ የሚያወጡልን በቅሎዎች ጥቂት ስለሆኑ ግን ወይ ጥይት ወይ ካፖርት ነው የሚጭኑት። የጦሩ አዛዥ ሻምበል ጠራኝ።

«የታኅሣሥ ብርድ እዚያ ላይ እስከ ስንት ይወርዳል?»

አምስቱንም ታኅሣሥ ገልጬ አስተያየሁ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለያይም። «ከስምንት ዲግሪ በታች ወርዶ አያውቅም፣ ጓድ ሻምበል።»

«ከሀዋሳ ብርድ ብዙም አይብስም ማለት ነው። ካፖርቱ ይቅር።»

ከሰዓት በኋላ ወጣን። ሲነጋ ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አገኘነው። አብሮን የዘመተው ዳንጊሶ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ውርጭ አይቶ አያውቅም። በጣቱ ጠረገና ቀመሰው።

«እኔ ደግሞ ጨው መስሎኝ! አሥር አለቃ፣ ስምንት ዲግሪሽ ይሄ ነው?»

«አታሹፍ፤ እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተት።»

«ብብቴም በርዶታል» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ቴርሞሜትሬን አየሁ። ከዜሮ በታች ሦስት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጥቃት ተከፈተብን። ጣታችን ቃታ መሳብ አቃተው። እንደምንም ተኩሰን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መለስናቸው። ዳንጊሶ ደረቱን ተመትቶ ወድቋል። የጠመንጃው ካዝና በጥይት እንደተሞላ ነበር፤ አንዲትም አልተኮሰም። ከፊት የነበሩት ሁለት ዘቦች ግን አንድም ቁስል የለባቸውም፤ እንደተቀመጡ ደርቀው ነው ያገኘናቸው።

መዝገቡን እንደገና ገለጥኩት። ራስጌው ላይ «የንባብ ሰዓት፦ ጠዋት 3» ይላል። ፀሐይ ካሞቀች በኋላ የተለካ ነው። እኔ ሰው ሁሉ በንጋት የሚለካ መስሎኝ ዲግሪውን ብቻ ነበር ያየሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት ሻምበሉን።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ሁሉም በጥይት እንደወደቁ ሪፖርት ተደርጓል።»

አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። ዘጠኙን ጥይት፣ ሁለቱን ብርድ የገደላቸው ናቸው።

እኔ በሕይወት ተመልሼ ለመውለድ በቃሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሀዋሳ እንደገባሁ የአንደኛው ዘብ እናት ዘንድ ለቅሶ ደረስኩ። እጄን ይዘው፣ «ልጄ ብርድ አይችልም ነበር፤ በርዶት ይሆን?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ አልበረደውም» አልኳቸው።

አምነውኝ መረቁኝ። ለዚያ ምርቃት እስከ ዛሬ አሜን ለማለት አልደፈርኩም።