አንድ ብርጭቆ የምንጭ ውሃ

ቦሩ ሜዳ አካባቢ የጠጠር መንገድ ስንሠራ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን የማስቆፍረው እኔ ነበርኩ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ትንሽም እኮራበት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ መንገዴን ሳይነካ በቦዩ እየተንደረደረ ቁልቁለቱን ሲወርድ ቆሜ አየሁና «መንገድ ማለት እንዲህ ነው» አልኩ። የት እንደሚደርስ አልጠየቅሁም። መንገዱ እስካልተቆረጠ ድረስ ምን ቸገረኝ።

በማግስቱ ከቁልቁለቱ ሥር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤታቸው ጠሩኝ። አስቀመጡኝና በሁለት እጃቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጡኝ። መልኩ የወተት ሻይ ይመስላል።

«ከምንጫችን የተቀዳ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ቢስሚላህ ብለህ ጠጣ፤ መንገድህ ያመጣልን ነው።»

ተናደድኩ፤ እውነታቸውን ስለሆነ ደግሞ ባሰብኝ። ግን እንግዳ ነኝና ተጎነጨሁ። አሸዋው ጥርሴ ላይ ተንቀጫቀጨ። በዚያው ሳምንት የቦዩን አፍ ከምንጩ አርቄ ወደ ማዶው ተዳፋት አዞርኩት።

ከወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌው በዚያው ብርጭቆ ኩልል ያለ ውሃ ሰጡኝ። ግጥም አድርጌ ጠጣሁና ምርቃቴን መጠበቅ ጀመርኩ።

«አላህ ይስጥህ» አሉና ከማዶው ተዳፋት ሥር ያለችውን ቆርቆሮ ቤት በእጃቸው አሳዩኝ። «አሁን ደግሞ እዚያ ጎራ በል። ጎረቤቴም እንግዳን ውሃ ሳያጠጣ አይሸኝም።»