ኮምፒውተሬ ወፍጮ ቤት ተራ የያዘበት ቀን

ክረምት ክረምት የሚማር አስተማሪ የሚፈራው ነገር አንድ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ ክረምቱ ያልቅበታል። እኔ ባኮ ፊዚክስ እያስተማርኩ በየክረምቱ አምቦ መጥቼ ማስተርሴን እማር ነበር። በመጨረሻው ክረምት መመረቂያ ጽሑፌን ልከላከል ሳምንት ሲቀረኝ አማካሪዬ ሥዕሎቼን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "እንዲህ ያለ ቀዳዳ በዓለም ላይ ማንም አይበሳም" አለኝ። ደሜ ፈላ። የባሰው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። ካላስተካከልኩት ለሚቀጥለው ክረምት መቅረቴ ነበር።

የማጠናው ሊቲየም ኒዮቤት የሚባል ክሪስታል ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኘው በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ፍጥነት ይለውጣል፤ ስለዚህ ከፀጉር እጅግ አሳስተው ቺፕ ላይ ያነጥፉትና ሽቦ ይሠራ የነበረውን በብርሃን ያሠሩታል። እኔ በዚያ ስስ ንጣፍ ላይ ቀዳዳ በረድፍ በረድፍ እደረድራለሁ። በኮምፒውተር ነው ታዲያ፤ ክሪስታሉንማ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቀዳዳዎቹ በልካቸው ከተደረደሩ አንድ ዓይነት ብርሃን በመካከላቸው ማለፊያ ያጣል፤ አንዱን ረድፍ ሳይበሱ ከተዉለት ደግሞ በዚያች መንገድ ብቻ ይሄዳል። ይህ ስሌቱ በሚያወጣው ሥዕል ላይ የሚታወቀው በመስመሮቹ መሃል በምትቀር አንዲት ቀጭን ባዶ ቦታ ነው። ባዶዋ ከሌለች ጽሑፉም የለም።

የእኔ ቀዳዳዎች ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ነበር። ክሪስታሉ ግን ግትር ነው፤ ሲበሱት ቀዳዳው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ግድግዳው ሲዘነብል ባዶዋ ትተርፍ እንደሆን እንደገና ማስላት ነበረብኝ። ስሌቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የኮምፒውተሬ ባትሪ ስለሞተ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደ አዲስ ይጀምራል። አምቦ ደግሞ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር መብራቱ ይሄዳል። ብስጭቴን ጊንጪ ወፍጮ ቤት ላላት አክስቴ በስልክ ስዘረግፍባት፣ "እኔ ጄኔሬተር የለኝም እንዴ? ይዘሽው ነዪ" አለችኝ። በማግስቱ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ገበያ ቀን ነበር። ኮምፒውተሩን ሰክቼ ስሌቱን እንዳስጀመርኩ ወፍጮው ተነሳ፣ ስክሪኑም ድርግም አለ። ጄኔሬተሩ ሁለቱን አይችልም። አክስቴን ወፍጮውን እንድታቆምልኝ ብለምናት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

"እዚህ ቤት ዘመድ ተራ አይቀድምም" አለች።

ጊንጪ ወፍጮ ቤት ተራ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጆንያው ነው። ጆንያሽን አስቀምጠሽ ገበያሽን ብትዞሪ ማንም አይነካብሽም። አክስቴ ኮምፒውተሬን አንስታ ከጆንያዎቹ ኋላ አሰለፈችው። አንዱ ተፈጭቶ በወጣ ቁጥር ገፋ አደርገዋለሁ፣ ሴቶቹ ይስቁብኛል፣ እኔም መጀመሪያ እያኮረፍኩ ኋላ አብሬ እስቃለሁ። ሌሎች ጆንያዎች እየመጡ ከኋላዬ ተሰለፉ።

ረፋዱ ላይ ተራዬ ደረሰ። ወፍጮው ሲቆም ከኋላዬ ያለችው፣ ከደንዲ ስንዴ ተሸክማ የመጣች ሴት፣ "ማል ዳክቲ?" አለች። ምንድን ነው የምትፈጨው ማለቷ ነው።

"ብርሃን" አለች አክስቴ፣ ፊቷ ሳይፈታ። "ግማሽ ቀን ይፈጃል።"

ሴትየዋ መንገዷ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽ መግባት አለባት። አፈርኩ፤ ልነቅለው እጄን ስሰድ ያዘችኝ።

"ቶሌ፣ እሺ፤ ተራሽ ነው አይደል? ፍጪ" አለችኝ።

ዝናቡ መጣና ሁላችንም ጣሪያው ሥር ተጠጋጋን። ቆሎ ወጣ፣ ወሬው ደራ፣ አንዳንዷ ብታጉረመርምም ጆንያዋን ያነሳች አልነበረችም። እኔ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ የደረሰኝን ቆሎ ለአጠገቤ ሰው አሳለፍኩ። ከሰዓት በኋላ መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። በመሃላቸው፣ ከቀድሞው ቀጠን ብላ፣ ባዶዋ ቁጭ ብላለች። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ባለስንዴዋ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አየችው። "ባዶ ነው እኮ" አለች። "ለዚህ ነው እስካሁን የቆምነው?"

"ለዚህ ነው" አልኳት። ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። ሳቋን ለቀቀችውና ስንዴዋን ወደ ወፍጮው ጎተተች።

የመከላከያዬ ቀን አክስቴና ባለስንዴዋ ተያይዘው አምቦ መጡና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ሲበራ ፈታኙ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ "ይህቺ ባዶ ቦታ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ዘንብሎም እንደተረፈች በምን አወቅሽ?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባለስንዴዋ ለአክስቴ በኦሮምኛ፣ "ያቺ የጠበቅናት ባዶ ናት" ስትላት ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

ፈታኙ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ነው። ዞር ብሎ አያቸውና እስኪበቃው ሳቀ። ጥያቄውን ግን አልተወልኝም፤ ስሌቱን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ማለፌ ሲነገር እልልታውን ያስጀመረችው ባለስንዴዋ ነበረች።